ለአክስቱ ያነበበው ደብተር

ሴትዮዋ ቤት የገባሁ ዕለት ሰላም እንኳን ሳይሉኝ የጠየቁኝ ስለ ጫማዬ ነበር። "አውልቀሻል?" አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙረው። ዓይናቸው መሃል መሃሉን ማየት ትቶ ዳር ዳሩን ብቻ ስለሚያይ፣ ሰውን ለማየት ሲፈልጉ ፊታቸውን ዘወር ያደርጋሉ። ይህን ያወቅኩት በኋላ ነው። የዚያን ዕለት ግን የናቁኝ መስሎኝ ከፍቶኝ ነበር።

ጃፓናዊት ናቸው። ያኔ ሰማንያ አምስት ዓመታቸው ነበር። በወጣትነታቸው እንግሊዛዊ አስተማሪ አግብተው ለንደን መጡ፤ ልጅ አልወለዱም፤ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ከሼፈርድስ ቡሽ ገበያ ጀርባ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ባለች፣ ካውንስል ፍላት በሚሏት የመንግሥት ኪራይ ቤት ብቻቸውን ቀሩ። እኔ ኬረር ነኝ፤ ቤት ለቤት እየዞርኩ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። ጠዋት ጠዋት ከሃርልስደን በባስ እመጣና አጥባቸዋለሁ፣ አለብሳቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን ቼክ አደርጋለሁ፣ ቁርስ አቀርባለሁ። ቁርሳቸው ሩዝና ሚሶ የሚሉት የተብላላ አኩሪ አተር ሾርባ ነው። መጀመሪያ ሽታው ይከብደኝ ነበር። ዓመት ሳይሞላ ግን "ለራስሽም ቅጂ" ሲሉኝ እምቢ ማለት ተውኩ።

ስለ አገራቸው ብዙ አያወሩም። የሚቆጡት ሬዲዮ ሲሰሙ ብቻ ነው። አንድ ጠዋት ጸጉራቸውን ሳበጥር፣ ዜናው ስለ አንድ የጃፓን ባለሥልጣን አወራ። ለጦር ሟቾች ወደተሠራው ቤተ መቅደስ ሄዶ እጅ ነስቷል፤ ቻይናና ኮሪያም ተቆጥተዋል። ነገሩ ስላልገባኝ፣ "ለሞተ ሰው ቢጸልይ ምን ክፋት አለው?" አልኳቸው።

"ለሞቱት ማልቀስ ክፋት የለውም" አሉኝ። "ግን እዚያ የሚሄዱት ብዙዎቹ፣ የሞቱት ሰዎች ሳይሞቱ በፊት ያደረጉትን መስማት አይፈልጉም። ከትምህርት ቤት መጽሐፍ አውጡት ይላሉ። በወታደሮቻችን የተደፈሩት ሴቶች መታሰቢያ ሐውልት ሲቆምላቸው አፍርሱት ብለው ደብዳቤ ይጽፋሉ። ወንድሜ በየዓመቱ ይሄድ ነበር። አሁን እሱም ሞተ፣ ልጁ ይሄዳል።"

ጸጉራቸውን ማበጠር ቀጠልኩ።

በሦስተኛው ዓመት፣ በጸደይ ወር ላይ፣ ያ የወንድማቸው ልጅ ደወለ። እኔ ሾርባ እያሞቅኩ ነበር። በቋንቋቸው ረዘም ላለ ጊዜ ተነጋገሩ። ስልኩን ሲዘጉ ወንበር ሳብኩላቸው።

"ለንደን ሊመጣ ነው" አሉኝ። "የአባቴን ደብተር ይፈልገዋል።"

ስለ ደብተሩ የነገሩኝ ያኔ ነው። አባታቸው ወታደር ነበር። ቻይና ዘምቶ ቆስሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ፤ ሲያገግም እንደገና ወደ ደቡብ ደሴቶች ተላከና እዚያው ሞተ። ቻይና ሳለ መጻፍ የጀመረበትን፣ መዳፍ የምታህል ደብተር ቤት ትቶት ሄደ። እናትየው ለብዙ ዓመት ደበቀችው። ልጇ እንግሊዛዊ አግብታ ልትሄድ ስትነሳ፣ በኪሞኖ ቀሚስ ጠቅልላ ሻንጣዋ ውስጥ ከተተችላት። "ከዚህ አገር አውጭው፣ ወንድምሽ ካገኘው ያቃጥለዋል" አለቻት። ሴትዮዋ ደብተሩን የከፈቱት መርከቡ ላይ ነው። አንብበው ሲጨርሱ ወደ ባሕሩ ሊወረውሩት ከጅሏቸው እንደነበር ነገሩኝ።

"ምን ይላል?" አልኳቸው።

"አንድ ክረምት አንድ መንደር ገቡ" አሉኝ። "አባቴ እዚያ ሴት ገደለ። ትዕዛዝ ነበር። ልጅ አዝላ ነበር።"

የወንድማቸው ልጅ ይህን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው አያቱ የቆሰለ ጓደኛውን ተሸክሞ ሲሮጥ እንደሞተ ነው። የአያቱን ዓይነት ወታደሮች ስም ለማስከበር የቆመ ማኅበር ውስጥ ገብቷል። ማኅበሩ የሟቾችን ደብዳቤና ማስታወሻ ሰብስቦ ለሕዝብ ሊያሳይ ነው፤ ስለዚህ ሴት አያቱ በእርጅናዋ አክስትህ ዘንድ አለ ያለችውን ደብተር ሊወስድ ይመጣል።

"ታዲያ ይሰጡታል?"

"እሰጠዋለሁ አልኩት። ግን መጀመሪያ እዚህ ተቀምጦ ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ጮክ ብሎ ያንብብልኝ። እኔ ዓይን የለኝም።" ፊታቸውን ወደ መስኮቱ ዘወር አደረጉ፤ እኔን እያዩኝ ነው ማለት ነው። "ቅዳሜ ሺፍትሽ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን ብትመጪ። እሱን ፈርቼ አይደለም። መሃል ላይ አዝኜለት በቃህ እንዳልለው ነው።"

ቅዳሜ ሄድኩ። የጠበቅኩት ቁጡ ሰው ነበር። የመጣው ግን ወደ ስልሳ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ጡረታ የወጣ የባቡር መሥሪያ ቤት ሠራተኛ መሆኑን ነገረኝ። ጫማውን አውልቆ ጫፉን ወደ በሩ አዙሮ ደረደረው። ለአክስቱ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ ሰገደ። ያመጣላቸውን ጣፋጭ፣ ሻይና የደረቀ የባሕር አረም አንድ በአንድ እጃቸው ላይ እያስቀመጠ ምን ምን እንደሆነ ነገራቸው። ዓይናቸው ምን ያህል እንደደከመ ሲያይ ፊቱ ልውጥ አለ። "ቀደም ብዬ መምጣት ነበረብኝ" አለኝ በተሰባበረ እንግሊዝኛ፣ ጥፋቱን ለእኔ እንደሚናዘዝ ሁሉ። ልጠላው ተዘጋጅቼ ነበር፤ አልሆነልኝም።

ደብተሩን ከመሳቢያ አውጥቼ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ግንባሩ ድረስ ከፍ አደረገው። ከዚያ ማንበብ ጀመረ።

ቋንቋውን አላውቅም፤ የምሰማው ድምፁን ብቻ ነው። መጀመሪያ ላይ እየሞቀው ሄደ። አንዳንዴ ፈገግ ይላል፣ አንዳንዴ ቆም ብሎ አክስቱን ያያል። አባታቸው ስለ በቅሎዎች፣ ስለ ዝናብ፣ አንድ ጓደኛው እንቁላል ሰርቆ ስለተያዘበት ቀን እንደሚያወራ ሴትዮዋ በኋላ ነገሩኝ። ትንሽ ልጁ ፊደል መጻፍ ተምራ እንደሆነም ይጠይቃል። ትንሿ ልጅ እሳቸው ናቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። ደብተሩን በቃላቸው ይወጡታል።

አንድ ገጽ ገለጠና ድምፁ ቀዘቀዘ። ሁለት ሦስት መስመር አነበበ፤ ቆመ። መነጽሩን አውልቆ ጠረገው፤ እንደገና ሞከረ፤ እንደገና ቆመ። ከታች ገበያው ውስጥ የሱቅ ብረት መዝጊያ ሲከፈት ይሰማኛል። ከዚያ ሴትዮዋ እሱ ካቆመበት ቀጠሉ። በቃላቸው፣ ድምፃቸውን ከፍም ዝቅም ሳያደርጉ። እሱ ደብተሩን በጉልበቱ ላይ አድርጎ አንገቱን ደፋ። ሲጨርሱ ፈጠን ብሎ በቋንቋቸው ተናገረ።

"በእንግሊዝኛ ተናገር" አሉት። "እሷም ትስማ።"

"አክስቴ፣ ይህን አያቴ አልጻፈውም ይሆናል። ሌላ ሰው ጨምሮበት ይሆናል።"

"የአባቴን ጽሑፍ አላውቅም? ከቻይና ሲመለስ ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው።"

"ጦርነት ነበር። ታዝዞ ነው። እንግሊዞችስ አላደረጉም? ሁሉም አድርጓል። ሁልጊዜ ለምን እኛ ብቻ እንከሰሳለን?"

"የእንግሊዞቹን እንግሊዞቹ ያንብቡት። ይህ የአባቴ ነው። አንብብ፤ ገና አልጨረስክም።"

አላነበበም። ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ተነሳ። በሩ ላይ ጫማውን ሲያጠልቅ ተቻኩሎ ክሩን እንኳን አላሰረውም። ካፖርቱን ረስቶ ወረደ። ውጭ ዝናብ ነበር።

ሴትዮዋን አየኋቸው። "ካፖርቱን ውሰጅለት" አሉኝ። "ከእኔ ቀድሞ በብርድ እንዳይሞትብኝ።"

ጨርቅ ከሚሸጥበት ሱቅ ደጃፍ፣ ሸራው ሥር ቆሞ አገኘሁት። ያለቀሰ ይመስላል፤ ዝናቡም ሊሆን ይችላል። ካፖርቱን ስሰጠው ጎንበስ ብሎ አመሰገነኝና አጠገቡ ቆምኩ። ባለሱቁ ገዢ መስለነው ሁለት ጊዜ ብቅ ብሎ አየን።

"ልጅ ሳለሁ" አለኝ በመጨረሻ፣ "አስተማሪያችን አያቶቻችሁ ነፍሰ ገዳዮች ናቸው አለን። ቤት ገብቼ ለአባቴ ነገርኩት። ተነስቶ ወጣ፣ ሲመሽ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ ስለ አያቴ ጠይቄው አላውቅም። አባቴ ሲሞት ማኅበሩ ውስጥ ገባሁ። እዚያ ያሉት ሽማግሌዎች የአያቴን ስም በክብር ይጠሩታል። አባቴ ይህን ቢሰማ ብዬ ነው።"

የኬረር ሥልጠና ላይ፣ በደንበኛ ቤተሰብ ጉዳይ አትግቡ ብለውናል። ግን የማወራው ለደንበኛ ቤተሰብ መስሎ አልታየኝም። ለባሌ እንኳን በቅጡ ያልነገርኩትን ለዚያ ሰው ነገርኩት።

አባቴ በቀይ ሽብር ጊዜ የቀበሌያችን ኮሚቴ ውስጥ ነበር። እኔ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ጎረቤታችን የነበሩ አንዲት እናት፣ ልጃቸው ከተወሰደ በኋላ፣ እኛን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ነበር። እኔን ሳይቀር። ድሮ ጸጉሬን ይሠሩኝ የነበሩ ሴት ናቸው። እናቴን ለምን እንደሚሸሹን ስጠይቃት "ምሳሽን ብዪ" አለችኝ። አባቴ ስም ዝርዝር ይጽፍ እንደሆነ፣ ወይም የተጻፈውን ያነብ እንደሆነ፣ ወይም ዝም ብሎ ይቀመጥ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። እሱም ሞተ። ደብተር አልተወም።

"አባትዎን ይወዱት ነበር?" አለኝ ሰውየው።

"በጣም። ትምህርት ቤት አዝሎ ያደርሰኝ ነበር። የሚከብደኝም እሱ ነው። ባልወደው ኖሮ ይቀለኝ ነበር።"

ራሱን ነቀነቀ። የካፖርቱን ቁልፍ እየቆለፈ፣ "ቢጠይቁት ኖሮ፣ ምን እንዲልዎ ይፈልጉ ነበር?" አለኝ።

"አላውቅም። ማንኛውንም ነገር። የሆነውን።"

ወደ ፍላቱ አብረን ተመለስን። ሴትዮዋ ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም፤ ሾርባቸውም ፊታቸው እንዳለ ቀዝቅዟል። ሰውየው ጫማውን አወለቀ፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠ፣ ደብተሩን አነሳ። ያቆመባትን ገጽ ፈልጎ ከመጀመሪያው ጀመራት። ይህን ጊዜ አልዘለለም። ድምፁ እየተቆረጠ፣ አንዳንዱን ቃል ሁለቴ እየጀመረ ጨረሳት። ቀጣዩንም አነበበ፤ የሚቀጥለውንም። እኔ ሾርባውን ለማሞቅ ልነሳ ብዬ አልቻልኩም።

የመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ሲደርስ ቀና ብሎ በእንግሊዝኛ፣ "ይህ አገሩ ከተመለሰ በኋላ ነው" አለኝ፤ እኔም እንድከታተል መፈለጉ ነው። ከዚያ አነበበና ወዲያው ተረጎመው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየፈለገ።

"ልጄ ተወለደ። ወንድ ነው። ሚስቴ እቀፈው አለችኝ። አልቻልኩም። ሕፃን ስነካ ያ ሌላው ይመጣብኛል። ልጁ ምንም አላጠፋም። ሲያድግ አባቴ አልወደደኝም እንዳይል እፈራለሁ።"

ደብተሩን በቀስታ ዘጋውና ከኪስ ቦርሳው ትንሽ፣ ጥግ ጥጉ የተበላ ፎቶ አወጣ። ለእኔ አሳየኝ። እናት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች፤ ፈንጠር ብሎ ዩኒፎርም የለበሰ ሰው ደረቱን ነፍቶ፣ እጆቹን ወደኋላ አድርጎ ቆሟል።

"ሕፃኑ አባቴ ነው" አለኝ። "ቤታችን ግድግዳ ላይ ትልቁ ተሰቅሎ ነበር። እንዴት ቀጥ ብሎ እንደቆመ እዩ፣ እውነተኛ ወታደር እንል ነበር። አባቴ ግን ሲሰክር ፎቶውን እያየ፣ ለምን አላቀፈኝም ይል ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ እንኳን ለምን አላቀፈኝም።"

"ስለ የትኛው ፎቶ ነው የምታወራው?" አሉት አክስቱ።

ነገራቸው። ማየት ስለማይችሉ ማን የት እንደቆመ፣ ማን ምን እንደለበሰ በዝርዝር ገለጸላቸው። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ድምፁ ዘንበል አድርገው ሰሙት።

"ያን ቀን አስታውሳለሁ" አሉ። "ፎቶ አንሺው፣ አባት ልጁን ይያዝ አለ። እናቴ ልትሰጠው እጇን ስትዘረጋ አባቴ ሁለት እጁን ወደኋላ አደረገ። ፎቶ አንሺው በጣም ጥሩ፣ እንደዚያው ይሁኑ አለና አነሳን። ለወንድሜ መንገር ነበረብኝ። ደብተሩ ስድሳ ዓመት መሳቢያዬ ውስጥ ሲተኛ፣ እሱ የሚጠይቀው ጥያቄ መልስ እዚያ ውስጥ ነበር። እኔ ያቃጥለዋል ብዬ ስፈራ፣ ማን ያውቃል፣ ያነበው ይሆን ነበር።"

እስከዚያ ቀን ድረስ ሴትዮዋ ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም። ሰውየው ተንበርክኮ ተጠጋቸውና እጃቸውን ያዘ። እኔ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ። ሾርባውን አሞቅኩ፤ ለሦስት።

ሲሄድ ደብተሩን ሰጡት። ቃላቸው ነበር። እኔ ግን ስጋት ገብቶኝ፣ እሱ እጁን ሊታጠብ ገባ ሲል ጠጋ ብዬ፣ "አይፈሩም? ቢያጠፋውስ?" አልኳቸው።

"እፈራለሁ እንጂ" አሉኝ። "ግን አንብብ አልኩት፣ አነበበ።"

የሚገርመው፣ ቅጂ እዚህ ይቀመጥ ያለው ራሱ ነው። ሰኞ ጠዋት አብረን ቤተ መጻሕፍት ሄድን። እሱ ገጾቹን በጣቶቹ ዘርግቶ ይይዛል፣ እኔ ማሽኑን እጫናለሁ። ያቺ ገጽ ላይ ስንደርስ ሁለት ጊዜ ስካን እንዳደርጋት ጠየቀኝ፣ ደብዝዛ እንዳይሆን። ቅጂውን ሴትዮዋ ጋ አስቀመጥን፤ በኋላም በፈቃዳቸው አንድ ዩኒቨርሲቲ ወሰደው።

ከአራት ወር በኋላ በኢሜይል ደብዳቤ ላከ፤ እንዳነብላቸው በእንግሊዝኛ ነበር የጻፈው። የማኅበሩ ስብሰባ ላይ ያችን ገጽና የመጨረሻዋን ማንበቡን ነገራቸው። መሃል ላይ አቁም ብለውታል። ብዙዎቹ ተነስተው ወጥተዋል፤ አያቱን አዋረደ ያለውም አለ። አንድ የዘጠና ዓመት ሽማግሌ ግን እስከ መጨረሻው ቁጭ ብለው ሰምተው፣ ሲጨርስ ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው፣ "የእኔም ወንድም ሲመለስ ልጅ አይነካም ነበር" ብለውታል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በትሕትና እንዳይመጣ ጠይቆታል። ማኅበሩ ከትምህርት ቤት መጽሐፍ አውጡት እያለ በሚጽፈው ደብዳቤ ላይም ስሙን አላሰፈረም። "ቤተ መቅደሱ ግን አሁንም እሄዳለሁ" ይላል ደብዳቤው። "የአያቴ ነፍስ እዚያ ናት ብዬ ስለማምን። እሄድና ማንበቤን እነግረዋለሁ። አክስቴ በዚህ እንደሚቆጡ አውቃለሁ።"

ተቆጡም። "አሁንም እዚያ ቦታ!" ብለው የወንበራቸውን እጀታ መቱ። ሾርባው ሊደፋ ነበር። ስለ ቤተ መቅደሱ፣ እዚያ ስለሚሄዱት ፖለቲከኞች፣ ስለ ወንድማቸው ግትርነት ሳያቋርጡ ተናገሩ። ስለ ሽማግሌው ያለውን ደግሜ እንዳነብላቸው ግን ሁለት ጊዜ ጠየቁኝ። ከዚያ ቁጣው በረደላቸውና መልስ ጻፊልኝ አሉኝ። ስልኬን አወጣሁ።

"ማንበብህ ደስ ብሎኛል በይው" አሉ። "ስለዚያ ቦታ ፊት ለፊት እንጣላለን በይው፤ በደብዳቤ አይሆንም። ስለዚህ በቶሎ ይምጣ። ሲመጣ ያን የባሕር አረም ያምጣ፣ አልቆብኛል።" ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ዘወር አድርገው አዩኝ። "ላንቺም ያምጣልሽ?"

"ያምጣልኝ" አልኳቸውና ጨምሬ ጻፍኩ።